የ22 ሰው ሠርግ

ባለፈው ጥር ዝዋይ፣ የወይን እርሻ ውስጥ ሠርግ አነሣሁ። እንግዳው 22 ሰው ነው። 22! ዜሮ አልረሳሁም።

ቅዳሜና እሁድ ካሜራ ተሸክሜ እንደምሮጥ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የመምህር ደሞዝ ነገር መቼስ ይታወቃል። ሙሽሪት የድሮ ተማሪዬ ናት። "ቲቸር፣ አዳራሽ የለም፣ ስቴጅ የለም፣ ቪዲዮ የለም። እርስዎ ብቻ" አለችኝ።

ቦታው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አኬሺያና ሪፍት ቫሊ የሚባሉት ወይኖች የሚጠመቁበት። ሜርሎው፣ ሲራው፣ ሻርዶኔው በረድፍ በረድፍ ተተክሎ ዓይን እስኪደክም ይሄዳል።

500 ሰው ባለበት ሠርግ ፎቶ አንሺን የሚያየው የለም። አንድ አጎት ቢያኮርፍ በሌሎች አሥር አጎቶች ይሸፈናል። 22 ሰው መሃል ግን የካሜራዋ "ቀጭ" ራሷ ወሬ ታቋርጣለች። ድምፁን አጠፋሁ፣ ፍላሹን ቦርሳ ውስጥ ተውኩትና አብሬያቸው ምሳ በላሁ። ከምሳ በፊት ያነሣኋቸውማ ሁሉም መታወቂያ ሊያወጡ የተሰለፉ ነው የሚመስሉት።

የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል፤ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ለምን እንደሆነ ንገሩኝ። 10 ሰዓት እስኪያልፍ ጠበቅን። ብርሃኑን የለካሁት በነጠላው ነው። ነጭ አንዴ ከተቃጠለ በኋላ ኮምፒውተር አይመልሰውም።

አባትየው ግን የሉም። ለካ ረድፉ ጫፍ ላይ ቆመው ስልክ ያወራሉ። "ልጆቹ ናቸው እንዲህ ያሉት፤ እኔ የለሁበትም" ይላሉ፤ ለእድራቸው ሰው መሆኑ ነው። ኋላቀር ናቸው እንዳትሉብኝ። ስንት ዘመን የሰው ሠርግ በልተዋል፣ የሰው ድንኳን ተክለዋል። የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲድሩ ያን ሁሉ ብድር ሊመልሱ ነበር። ልጆቹ ደግሞ የድግሱን ገንዘብ ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ አዋሉት። እኔ ለልጆቹ ነው የማደላው፤ ግን በዚያ ሰውዬ ቦታ ሆኜ ነገ ለቀብር እድር ብሄድ፣ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ አላውቅም።

ጉልበት መሳሚያው ሰዓት ደረሰ። አስተናጋጁ ወንበር አምጥቶ ሁለት ረድፍ መሃል አስቀመጠ። "አባዬ፣ ና" አለች ልጅቷ፣ ድምጿን ሳታነሣ። ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና መጥተው ተቀመጡ። ሙሽሮቹ ጎንበስ ሲሉ ምርቃት ጀመሩ፣ ሦስት ቃል ያህል። ከዚያ ድምፃቸው አልወጣ አለ። እጃቸው ግን የልጃቸውን ራስ አልለቀቀም። ፀሐይዋ ከጎን ነው የመጣችው፤ ግማሽ ፊታቸው ላይ ወርቅ የፈሰሰ ነው የሚመስለው። አራት ፎቶ አነሣሁና ካሜራዬን ዝቅ አደረግሁ፤ አምስተኛውን የማነሣበት ዓይን አልነበረኝም።

ፎቶውን እዚህ አለጥፈውም፤ የእነሱ ነው።

በሳምንቱ አባትየው ራሳቸው ደወሉ። "መምህር፣ እሷን ጉልበት ስትስም ያለችዋን ፎቶ ታሳጥብልኛለህ?"

"ስንት ኮፒ፣ ጋሼ?"

ትንሽ አሰቡ። "60 አድርገው። ያልጠራሁት ሰው ብዙ ነው።"