ውሃ ልክ

ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ የተጠመቃችሁት በወንዝ ይሆናል። በወልቂጤ አካባቢ ላለን አማኞች ጥምቀት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በማለዳ መኪና ላይ ተጭነን፣ እየዘመርን ወደ ዋቤ መውረዳችን ነው። ደስ የሚል ቀን ነው። ወንዝ ግን ለሁሉ ሰው እኩል አይደለም። የሃያ ዓመት ልጅ ዘሎ የሚወርደውን አፋፍ ጉልበታቸው የደከመ እናት ተደግፈውም አይወርዱትም። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላማ ጎበዙም ዳር ቆሞ ከማየት በቀር ምርጫ የለውም።

በእኛ አጥቢያ የጥምቀት ትምህርታቸውን ጨርሰው ሁለት ዓመት የጠበቁ አንዲት እቴቴ አሉ። ሽማግሌዎች ከመሬት በላይ የሚተከል፣ የብረት ቋሚዎች ያሉት የሸራ ገንዳ ለማስመጣት የወሰኑት በዋናነት ስለ እርሳቸው ነው። ቦታውን የማዘጋጀቱ ሥራ ለወጣቶች ኅብረት ተሰጠ። ገንዳውን መትከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ መሬቱ ግን ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። የምጽፍላችሁም ስለ መሬቱ ነው። ይህ ሥራ ነገ ወደ እናንተም ግቢ ይመጣል፤ ሁሉም ደግሞ ስለ ገንዳው እንጂ ስለሚያርፍበት ቦታ አያስብም።

አስቀድማችሁ ክብደቱን አስቡ። የእኛ ገንዳ ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር ነው። ውሃው 80 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ከ5,600 ሊትር በላይ ይይዛል፤ 28 በርሜል ማለት ነው። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ስለሆነ በግቢያችሁ ጥግ ላይ አምስት ቶን ተኩል አኖራችሁ ማለት ነው። ውሃ ደግሞ እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወደ ጎን ይገፋል። የሚገፋውም እንደ ጥልቀቱ ነው። በ80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እያንዳንዱ ሜትር የገንዳ ግድግዳ ወደ 320 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ይሸከማል። መሬቱ አዘንብሎ በታችኛው በኩል ውሃው 95 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ ግን ሸክሙ 450 ኪሎ ይሆናል። ስንዝር የማትሞላ ዝንባሌ ናት ይህን የምታመጣው። ቋሚው ተንሸራቶ ሸራው ቢቀደድ፣ ውስጥ ያሉት አጥማቂውና ተጠማቂው ናቸው፤ ዙሪያውን የቆሙት ደግሞ ሕፃናት።

ያዘነበለ መሬት በሁለት መንገድ ይስተካከላል። ወይ ዝቅ ያለው ይሞላል፣ ወይ ከፍ ያለው ይቆረጣል። ከእኛ ብዙዎቹ መሙላትን መረጡ። ከላይ በኩል መረብ ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ነበር፤ ድንጋዩን ለቅመን፣ ቋሚውን በገዛ ገንዘባችን ያቆምንበት። ከታች ያለውን ረባዳ ግን የሚፈልገው አልነበረም። እንግዲህ ማን ሜዳውን ይቆርጣል?

በግንበኝነት ያረጁ አንድ ጋሼ ክርክራችንን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጆቼ፣ የሞላችሁት አፈር ገና አልተኛም» አሉ። የተሞላ አፈር በስሱ እየተደለደለ፣ ውሃ እየተርከፈከፈበት፣ በየንብብሩ ካልተጠቀጠቀ ጭነት ሲያርፍበት ይሰምጣል። እኩል ቢሰምጥ ባልከፋ፤ የሚሰምጠው ግን ብዙ በተሞላበት፣ በታችኛው ወገን ነው። ጥቁር አፈር ከሆነማ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ያልተነካውን መሬት ግን ዘመን ጠቅጥቆታል። ስለዚህ ከፍ ያለው ይቆረጣል አሉ። ሜዳው ሄደ ማለት ነው።

የሁለት ወንድሞች ፊት ለሳምንት አልተፈታም። አልፈርድባቸውም።

ጋሼ ይዘው የመጡት ውስጡ የሚታይ ረጅም ቱቦ ነበር። ውሃ ሞሉት፤ አንዱን ጫፍ ከላይ ካለው ችካል፣ ሌላውን ከታች ካለው ጋር አስያዙን። ቱቦው ቢጠማዘዝም ቢጎብጥም የውሃው ፊት በሁለቱ ጫፍ አንድ ከፍታ ላይ ይቆማል። ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ። ችካሎቹ ላይ ምልክት አደረግን፣ ሲባጎ ወጠርን፣ ከሲባጎው እስከ መሬቱ ለካን። በ5 ሜትር ውስጥ 25 ሳንቲ ሜትር ልዩነት! በዓይናችን ግን ሜዳ ይመስለን ነበር። ከዚያ በኋላ ዶማና አካፋ ነው። ስድሳ ያህል ካሪዮላ አፈር አወጣን፤ ክረምት መኪና የሚይዘውን የበሩን ጉድጓድ ደፈንበት።

በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ለምሳ ስንቀመጥ፣ ሉቃስ ምዕራፍ 3ን አነበብን። ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እጄ አፈር ሆኖ ግን አንብቤው አላውቅም። ሉቃስ የዮሐንስን ጥምቀት ሲያስተዋውቅ ስለ ሸለቆና ስለ ኮረብታ የተነገረውን የኢሳይያስ ትንቢት ያመጣል። እኔ ሁልጊዜ የአዋጅ ነጋሪ ግርማ ያለው ቃል ብቻ አድርጌ እወስደው ነበር። ወረድ ብላችሁ ግን ሕዝቡ ምን እናድርግ ብሎ ሲጠይቅ ዮሐንስ የሚመልሰውን ተመልከቱ። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል፣ ቀራጩም ከታዘዘለት በላይ እንዳይወስድ ነው የሚላቸው። የሚቆረጠው ከማን ወገን እንደሆነ ግልጽ ነው። መቼም ጉራጌ ይህን ቋንቋ ያውቃል፤ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ የአገራችን ልጆች ከንግዳቸው አዋጥተው ወደ ትውልድ ቀያቸው መንገድ ያስጠረጉት ኮረብታ እያስቆረጡ ነው።

ሌላው ጉዳይ ውሃው የሚሄድበት ነው። ከአጥራችን በታች የአንድ ሙስሊም አባት ጓሮ አለ፤ እንሰትና ቡና ተክለውበታል። መቆፈር ከመጀመራችን በፊት ሁለታችን ሄደን ሥራውን ነገርናቸው። ሀጂ እጃችንን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱንና በየክረምቱ ከእኛ ጣሪያ የሚወርደው ጎርፍ የቦረቦረውን አሳዩን። ለዓመታት አንድም ቀን ለቤተ ክርስቲያኑ አልተናገሩም። እናም ሦስተኛው ቅዳሜ በሙሉ ለቦይ ሆነ፤ የጣሪያውን ውሃ በገንዳው ዙሪያ አሳልፈን ወደ መንገዱ መፋሰሻ አወጣነው። ለአንድ ቀን ብቻ ስለሞላነው የገንዳው ውሃ ውስጥ ኬሚካል አልጨመርንም። ጥር ስለነበር ሀጂ ራሳቸው ለእንሰቱ ጠየቁን። በቀጭን ቱቦ፣ ከእንሰት ወደ እንሰት እያዛወርን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ለቀቅንላቸው። 28 በርሜል ባንዴ ቢለቀቅ ኖሮ አፈሩን ይዞ ይወርድ ነበር።

እቴቴ በአራት ደረጃ ወጥተው፣ በአራት ወርደው ገቡ። ደረጃውን የሠራነው በእርሳቸው እግር ለክተን ነው፤ እንደ ጤነኛ ሰው ደረጃ ከፍ ያለ አልነበረም። ሲወጡ ጫማ ስለሌላቸው ዙሪያውን ሰርዶ አልብሰን ነበር። በጀፎረው ላይ ሲሄዱ ያደጉ ሴት ናቸውና ሣሩን በእግራቸው ዳበስ አድርገው ሳቁ።

ባለፈው ወር ቡታጅራ ያሉ ወጣቶች ስለ ሰርዶው ሰምተው ጠሩን። በእነርሱ ዘንድ ቀይ አሸዋ እንደ ልብ ስለሚገኝ ከገንዳው ሥርም፣ ዙሪያውንም ሊያፈሱት አስበው ነበር። ውሃ ያሳልፋል፣ ጭቃ አይሆንም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ስለታም ነው፤ ሸራ ይበሳል፣ ባዶ እግር ይቆርጣል። ለቦይ ብቻ እንዲያውሉት፣ ከገንዳው ሥር ግን የተነፋ አሸዋና አሮጌ ምንጣፍ እንዲያነጥፉ ተስማማን። ከዚያ ቱቦውን ዘርግተን ለካን። በእነርሱ ግቢ ከፍ ያለው ወገን የመጋቢውና የሽማግሌዎቹ መኪና ማቆሚያ ነው። ጉዳዩ እስካሁን በስብሰባ ላይ ነው።