የደጋ ደምና የቆላ በሽታ

አያቴ ስሜን ተወልደው ስሜን ያረጁ ሴት ናቸው። እንስራ አዝለው ዳገቱን ሲወጡ፣ ጐንደር ከተማ ያደግሁት እኔ ከኋላ ሳለከልክ፣ እሳቸው ወግ ያወጉ ነበር። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «የደጋ ሰው ደሙ ብርቱ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

የሕክምና ትምህርት ስጀምር ይኸው ነገር በሳይንስ መልክ ገጠመኝ። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍታ ላይ ኦክሲጅን ሲያንስ ኩላሊት ወደ አጥንት መቅኔ መልእክት ይልካል፤ በመቅኔ ያሉት ግንደ ሕዋሳትም ቀይ የደም ሕዋስ አብዝተው ይወልዳሉ። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ይህ ከልክ ሲያልፍ ደም ይወፍራል፤ ራስ ምታትና የልብ ድካም ይከተላል። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ግን በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያን ተመርምረው፣ የሄሞግሎቢናቸው መጠን እንደ ቆላ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ከሄሞግሎቢናቸውም በአማካይ 95.3 በመቶው ኦክሲጅን የያዘ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የደገኞቻችንን የዘር ውርስ መርምረው፣ ቢ.ኤች.ኤል.ኤች.ኢ. 41 በተባለ ጂን ላይ የረዥም ዘመን የተፈጥሮ ምርጫ ምልክት አገኙ። ይኸውም ጂን ሰውነት ለኦክሲጅን እጥረት በሚሰጠው መልስ ውስጥ እጅ ያለበት ነው።

ይህን ባነበብሁ ሰሞን ኮራሁ። ኩራቴ ግን አልቆየም። የአክስቴ ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ሲመለስ ትኩሳቱ አልበርድ አለ፤ ሰውነቱ ከሳ፤ ጣፊያው አብጦ ሆዱን ሞላው። በሽታው ካላ አዛር ነበር። የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ይህ ተውሳክ፣ ከጣፊያና ከጉበት ሌላ የሚሰፍረው ደም በሚወለድበት በዚያው መቅኔ ነው። ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። የአክስቴ ልጅ በመርፌ ዳነ፤ አብሮት የወረደው ጓደኛው ግን «ወባ ነው፣ ይለቀኛል» እያለ ሰንብቶ ሞተ።

እንግዲህ ከአያቶቻችን የወረስነው ጋሻ ለተራራው ነው እንጂ ለቆላው ዝንብ አይሆንም። ደገኛውን ወደ ቆላ የሚያወርደውም የመሬት ጥበትና ድህነት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ጂን መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ፣ ወደ ሰሊጡ ለሚወርደው ዘመዳችሁ ይህን ንገሩት፦ ሌሊት በአጎበር ይተኛ፤ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈም ወባ ነው ብሎ ሳይቀመጥ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ መተማ መክረሙንም ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር።