መረሬው ሲናድ

ከነሕይወቴ የተቀበርኩት ከአቃቂ ወዲያ፣ ለአንድ ጂ ፕላስ ዋን መኖሪያ ቤት በተቆፈረ የፉቲንግ (የመሠረት) ጉድጓድ ውስጥ ነው። ወሩ ሰኔ ነበር፤ ዝናቡ ገና መጣል ጀምሯል። ጉድጓዱ ከቁመቴ አልፎ ጠልቋል። እኔና ጓደኛዬ ታች ሆነን እንቆፍራለን፣ ሌሎቹ ላይ ሆነው አፈሩን ይቀበሉናል።

የሰፈሩ አፈር መረሬ ነው፤ በሌላ አገር ዋልካ የሚሉት። ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል፣ ለቤት ግን ክፉ ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ወለል ያነሳል፤ በጋ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። መሀንዲሱ ይህን ስለሚያውቅ የወጣውን አፈር አገላብጦ አየው። ጓሉን ሲሰብረው ውስጡ ያብረቀርቃል። እርጥቡን በመዳፉ ሲያሸው ሳይበጠስ እንደ ክር ቀጠነለት። ናሙና ለላቦራቶሪ ወሰደ፤ እዚያ ደረቁን ዱቄት ውኃ ውስጥ ጨምረው እብጠቱን ይለካሉ፣ መጠኑ እጥፍ ከሆነ አደገኛ ነው። ትእዛዙም ግልጽ ነበር፦ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ቆፍሩ፤ የወጣው አፈር ከወለሉ ሥር እንዳይመለስ፣ ተጭኖ ይሂድ፤ በምትኩ ሴሌክት (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) ገብቶ በየንጣፉ ይጠቅጠቅ።

መኪና ግን ገንዘብ ይጠይቃል። አሠሪው «ሲበዛ አንድ ላይ እናስነሳዋለን» አለ፤ አፈሩ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተከመረ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። ያ ሁሉ ሸክም በበጋ በተሰነጠቀ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ሌሊቱን ስንጥቁ ውስጥ ዝናብ ሲገባ አደረ።

ጠዋት ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ አንድ ጓል ወደቀ። ጓደኛዬ «ውጣ!» ሲል ሰማሁት፤ እሱ መሰላሉ አጠገብ ስለነበር አመለጠ። እኔ ዞር ስል ግድግዳው ከነክምሩ መጣብኝ።

እስከ ብብቴ ተቀበርኩ። ጭንቅላቴ ውጭ ስለነበር ያዩኝ ሁሉ ተረፈ ብለው ነበር። እኔ ግን ትንፋሽ ባወጣሁ ቁጥር አፈሩ የለቀቅኩትን ቦታ ይይዛል፤ መልሼ ልስብ ስል ደረቴ አይከፈትም። ጩኸት ያለችኝን አየር እንደሚጨርስ ገባኝና ዝም አልኩ፤ ከጉሮሮዬ በትንሽ በትንሹ እየተነፈስኩ እመብርሃንን በልቤ ጠራሁ። አንዱ ኤክስካቫተር ይምጣ አለ፣ ሌላው በገመድ እንጎትተው አለ። ፎርማኑ ሁለቱንም ከለከለ። በመጀመሪያ ጠርዙ ላይ የቀረውን ክምር ወደ ኋላ አስገፋ፤ ቀጥሎ የቀረውን ግድግዳ በጣውላ አስደግፎ፣ ከደረቴ ዙሪያ በእጅና በጣሳ አስዛቀ። «አይዞህ ልጄ፣ አትናገር» ይለኛል። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ፣ ተጨፍልቆ የቆየ ሥጋ ሲለቀቅ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል ብሎ አስተኛኝ። ተረፍኩ።

አፈሩ ሳይመረመር ቀርቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላንገበገበኝ ነበር። ተመርምሯል። የሚያብረቀርቀው የጓል ፊት እኮ አፈሩ ከዚያ በፊት ውስጥ ለውስጥ ተንሸራትቶ የተወው ምልክት ነው። ያ ሁሉ እውቀት ለወለሉና ለምሰሶው ዋለ፤ ታች ለቆምነው አልደረሰም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። መጠበቂያውም ከባድ አይደለም፦ ክምሩን ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ማራቅ፣ ጉድጓዱ ከሜትር ተኩል ሲያልፍ ግድግዳውን መደገፍ ወይም ማጋደም፣ ዝናብ ባደረ ቁጥር ሰው ሳይወርድ ጠርዙን ማየት።

መሀንዲስ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ «ይህ መሬት ቤት ይሸከማል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ያንኑ አፈር በእጁ እንደያዘ «ግድግዳውስ ሰው እስኪወጣ ይቆማል ወይ?» ብሎ ይጨምርበት። መልሱ ያው ጓል ውስጥ ነው።