አምስተኛው ቀዳዳ

ስድስት ቀዳዳ እኩል አራርቆ መብሳት ማንንም አያቅትም። ክቡ የተሳለበትን ኮምፓስ ሳይነኩ በጠርዙ ላይ ስድስት ጊዜ ማራመድ ነው፤ ራሱ መነሻው ላይ ይመለሳል። አራትና ስምንትም በማጋመስ ይወጣሉ። መከራው አምስት ላይ ነው። አምስትን በኮምፓስ የሚያወጣ ዘዴ በጂኦሜትሪ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ግን የመጽሐፉ ወረቀት ዘይት አልነካውም።

በእኛ በቢታ ገነት የወፍጮ ፑሌ ባለ አምስት ቡሎን ፍላንጁ ሲሰበር፣ ሠሪው በዐይኑ ገምቶ ይበሳል። አራቱ ቡሎን ሰተት ብለው ይገባሉ። አምስተኛው እምቢ ሲል ቀዳዳው በክብ ሞረድ ይሰፋል። ወፍጮው ያን ቀን ይፈጫል፤ ሰንብቶ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ከዚያ ዕቃው ተጭኖ ቦንጋ ይሄዳል።

ክብ መክፈያ መሣሪያማ ድሮ ተሠርቷል። ከፍሬዛ ማሽን ጋር የሚሠራው በተለምዶ እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር ብረቱን አንድ ጊዜ ያዞራል፤ ለአምስት ቀዳዳ እጀታውን ስምንት ስምንት ጊዜ ማዞር ብቻ ነው። ዋጋውን ስሰማ ግን ወፍጮው ቢንቀጠቀጥ ይሻላል አልኩና ወደ ልብስ ሰፊው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ያረጀ ሜትር ይኖርዎታል?»

«ምን ልትለካበት ልጄ?»

«ብረት።»

«ብረትም ሱሪ መልበስ ጀመረ?» አሉና ሰጡኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። ዙሪያው 60 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ሰሌዳ ካለ፣ ሜትሩን መጠቅለል ብቻ ክቡን ለ60 ይከፍለዋል። የሰሌዳው ስፋት 19 ሳንቲሜትር ከ1 ሚሊ ገደማ ነው። ትንሽ አስተርፎ መቁረጥና የሜትሩ ሁለት ጫፍ እስኪገናኝ በሞረድ እየሞከሩ መቀነስ ነው። እንጨቱ ኮምፔርሳቶ ይሁን። ዋንዛ ያምራል፣ ግን ጣውላ በከፋ እርጥበት በስፋቱ ያብጣል፣ በርዝመቱ አያብጥም፤ ክቡ ሳይታወቅ እንቁላል ይሆናል።

ያረጀ ሜትር እንደሚሳብ የታወቀ ነው። እዚህ ላይ ግን ውሸቱ አይጎዳም፤ ሰሌዳው በሜትሩ ልክ ስለሚሞረድ፣ ሳንቲሜትሩ እኩል እስከዋሸ ድረስ ክፍሉ እኩል ነው። የሚጎዳው እዚህ ሳብ እዚያ ረገብ ያለው ነው። ስለዚህ ከ85 እስከ 145 ያለውን ቆረጥኩ፤ የሰፈራችን ሰው ወገብ እዚያ ስለማይደርስ ብዙ አልተጎተተም።

ክፍፍሉን ወደ ፍላንጁ የሚያደርሰው ቶርኖ ነው፤ ዋና ዘንጉ ውስጡ ክፍት ነው። ከአሮጌ ብስክሌት የመሪውን ግንድ አውጥቶ፣ ወፍራም ከሆነም በዚያው ቶርኖ ቀንሶ፣ ከማሽኑ ጀርባ ዘንጉ ውስጥ መክተት ነው፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ሾጣጣው ቁራጭ ግንዱን ከውስጥ ይወጥረዋል። ሰሌዳው ግንዱ ላይ ይታሰራል። በየሳንቲሜትሩ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ በሞላ የሚገፋ ምስማር እየገባ ይቆልፈዋል። ሶኬቱ ይነቀላል። ፍላንጁ ከፊት መንጋጋው ውስጥ ታስሮ፣ ሰሌዳው በ12 በ12 ሳንቲሜትር እየዞረ፣ በስል መቁረጫ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጭን ጭረት ይጫራል። ከዚያ ወደ ትራፓኖ። ሰሌዳው ላይ ግማሽ ሚሊ ብንስት እንኳ፣ ስፋቱ ስድስት ሳንቲሜትር በሆነ የቡሎን ክብ ላይ ስህተቱ ወደ ሲሶው ይወርዳል።

ይህንን ያወቀ ሰው ቀድሞናል። የለንደኑ ጄሲ ራምስደን በእ.ኤ.አ. 1770ዎቹ የባሕረኞችን የማዕዘን መለኪያ የሚከፍል ማሽን ሲሠራ፣ 114 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋትና 2160 ጥርስ ያለው መንኮራኩር ቆረጠ፤ ትንሹን ከትልቁ መቅዳት ነው።

ሜትሩስ ከየት መጣ? እንግዲህ ይህ ነው ያሳቀኝ። ፈረንሳዮች ከእ.ኤ.አ. 1792 ጀምሮ ዴላምብርንና ሜሼንን ከዳንኬርክ እስከ ባርሴሎና ምድር ሲያስለኩ፣ የተለካው አብዛኛው ነገር ርቀት ሳይሆን ማዕዘን ነበር፤ መሣሪያቸውም የተከፋፈለ ክብ ነው። ስህተቱ እንዲበተን አንዱን ማዕዘን በክቡ ላይ ደጋግመው ይለኩ ነበር። ከክብ ሜትር ወጣ፤ እኔ በሜትር ክብ እከፍላለሁ።

እነዚያው ፈረንሳዮች 60ን ሊሽሩ ተነሡ። ክቡን 400 አደረጉት፤ በ1793 ቀኑን ባለ 10 ሰዓት አሉት። ሰዓቱ በ1795 ታገደ። የ400ውን ክብ ግን አጥብቆ የያዘ አንድ ሰው በእኛው ደጅ አልፏል፤ አንቷን ዳባዲ። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ሲዘዋወር ተራራውን በቴዎዶላይት ለክቷል። በ1843 ከእናርያው ንጉሥ ከአባ ባጊቦ የሠርግ መልእክተኞች ጋር ከፋ ገብቶ ቦንጋ ደረሰ። በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ፣ አንዳይ ላይ፣ ግድግዳው ላይ አማርኛ የተጻፈበት ቤት ሠራ፤ የቤቱ ኮከብ መመልከቻም በ400 የተከፈለ ነው።

የእኛ ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ዕለቱን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮሱን በ60 ካልዒት ይከፍላል። 60 ለሦስትም ለአምስትም ለስድስትም ይካፈላል። 400ን ለሦስት ቡሎን ብታካፍሉት 133 ከሲሶ ነው፤ ሲሶ ቀዳዳ የሚበሳ ፑንታ ደግሞ እስካሁን ገበያ አልወጣም። በዚህ ክርክር እኔ ከደብተራው ጎን ነኝ።

60ም ለሰባት አይሆንም። ሰባት ቡሎን ያጋጠመው አንባቢ ሰሌዳውን 22 ሳንቲሜትር ከ3 ሚሊ ገደማ አድርጎ ይቁረጥና 70 ሳንቲሜትር ሜትር እስኪገጥምለት ይሞርደው፤ በየ10ሩ ይብሳ።