የማያውቁን አማልክት

ፍርሃት ከሰው ልጅ ጋር ተወልዶ ከሰው ልጅ ጋር ያደገ ስሜት ነው። ሰው የፈራውን ነገር ዝም ብሎ አልተቀበለውም፤ ስም አውጥቶለታል፣ በግድግዳና በብራና ላይ ሥሎታል፣ በምሽት እሳት ዙሪያ ተርኮታል። ስለዚህም የአንድን ኅብረተሰብ ፍርሃት ለማወቅ የሚሻ ሰው ያ ኅብረተሰብ የፈጠራቸውን ጭራቆች ቢመረምር ብዙ ይማራል። እኔም ሥዕል በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት ይህን በተማሪዎቼ ደብተሮች ላይ ደጋግሜ ተመልክቻለሁ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ግን ከእኛ ተረት ውጭ ስለ ተወለዱና ዛሬ በብዙ አገር ወጣቶች በጠረጴዛ ዙሪያ ስለሚጫወቱባቸው አማልክትና ጭራቆች ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።

ጨዋታው ምን እንደሆነ አስቀድሜ ላስረዳ። አራት ወይም አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ጉልበቱን፣ ዕውቀቱንና ሙያውን በወረቀት ላይ በቁጥር ይመዘግባል። ከመካከላቸው አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆናል፤ ቦታውን፣ ጠላቱን፣ ዝናቡንና ጨለማውን የሚተርከው እርሱ ነው። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያቸው ምን እንደሚያደርግና ምን እንደሚል ይናገራሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ ይጣላል። ተውኔት እንዳይባል ተመልካች የለውም፤ ተረት እንዳይባል አድማጩ ራሱ ተራኪ ነው። የዚህ ዓይነት ጨዋታ በመጽሐፍ መልክ ለገበያ የቀረበው በ1974 ሲሆን፣ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በሚል ስም አወጡት።

አማልክቱ ግን ከጨዋታው ይቀድማሉ። ፈጣሪያቸው ሃዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት በ1890 በሮድ አይላንድ ግዛት በፕሮቪደንስ ከተማ ተወለደ፤ በ1937 በአርባ ስድስት ዓመቱ በዚያው ከተማ በድኅነት ሞተ። በሕይወት ሳለ ታሪኮቹ በብዛት የወጡት «ዊርድ ቴልስ»ን በመሳሰሉ ርካሽ መጽሔቶች ነበር። ላቭክራፍት ከልጅነቱ ጀምሮ የሥነ ፈለክ ፍቅር ያደረበት ሰው ነው፤ በወጣትነቱም ለአካባቢው ጋዜጦች ስለ ከዋክብት ይጽፍ ነበር። የኖረበት ዘመንም ሰማይ በሰው ፊት ድንገት የሰፋበት ዘመን ነው። በ1925 መጀመሪያ ይፋ የሆነው የኤድዊን ሃብል ጥናት፣ አንድሮሜዳ ከእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውጭ የምትገኝ ሌላ የከዋክብት ዓለም መሆኗን አሳየ። ፕሉቶ በ1930 በተገኘች ጊዜም ላቭክራፍት በዚያው ዓመት በጻፈው ታሪክ ውስጥ የባዕዳን ፍጡራን ሰፈር አደረጋት።

እንግዲህ የአማልክቱ ምንጭ ይህ ነባራዊ ሁኔታ ነው። ሰው የፍጥረት ማእከል አለመሆኑን ሳይንስ ሲያረጋግጥ አንዳንዱ ተደነቀ፤ ላቭክራፍት ግን ደነገጠ፤ ድንጋጤውንም መልክ ሰጠው። አዛቶት የሚባለው አምላኩ በሕዋው መካከል የተቀመጠ ዕውርና አእምሮ የሌለው ኃይል ነው። ክቱልሁ ደግሞ በውቅያኖስ ሥር በሰጠመች ከተማ ተኝቶ ያልማል። በ1926 በተጻፈውና በ1928 በታተመው «የክቱልሁ ጥሪ» በተሰኘው ታሪክ ውስጥ የዚህን ፍጡር መነቃቃት በሕልሙ ከሚሰሙት አንዱ አንድ ወጣት ቀራፂ ነው፤ ያየውንም በሸክላ ይቀርጸዋል። ነጋዴዎችና ባለ ጉዳዮች ምንም ሳይሰማቸው አርቲስቶችና ባለ ቅኔዎች በእንቅልፋቸው ይቃዣሉ። ላቭክራፍት ለእኛ ሙያ የነበረውን ግምት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እነዚህን ፍጡራን በአማርኛ ምን ብለን እንጥራቸው? «ጭራቅ» ብንላቸው ቃሉ አይበቃም። የእኛ አገር ጭራቅ ሰው ይበላል፤ የሚበላውም ሰውን ስለሚፈልገው ነው። ቤት አለው፣ ይርበዋል፣ ይቆጣል፣ ይሞኛል፤ ብልህ ልጅም ያታልለዋል። በጭራቁና በሰው መካከል ግንኙነት አለ። ክቱልሁ ነቅቶ ዓለምን ቢያጠፋ ግን ጉንዳን ረግጦ እንደሚያልፍ በሬ ነው፤ ጠላትነት እንኳ የለውም። «አምላክ» ብንላቸውም ጸሎት አይሰሙም፣ ሕግ አይሰጡም፣ ፍርድ አያውቁም። ስለዚህ የማያውቁን አማልክት ማለቱ ሳይሻል አይቀርም።

እንዲህ ያለው ፍጡር ወደ ጨዋታ ሲገባ አንድ ቅራኔ ይፈጠራል። ጨዋታው የሚሠራው በቁጥር ነው፤ ቁጥር ያለው ነገር ደግሞ ተቀናንሶ ያልቃል። «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በ1980 ባወጣው የአማልክት መጽሐፍ ውስጥ የላቭክራፍት ፍጡራን ከግሪክና ከግብጽ አማልክት ጎን ተሰልፈው የሕይወት ነጥብና የጦር ትጥቅ መለኪያ ተሰጥቷቸው ነበር። ምዕራፉ ከ1981 ጀምሮ በወጡት ዕትሞች ተነሥቷል፤ ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው። ነጥብ የተሰጠውን አምላክ ጎበዝ ተዋጊ በበቂ ሰይፍ ይገድለዋል፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ስሙ እንጂ ምንነቱ አልቀረም።

በዚያው በ1981 ሳንዲ ፒተርሰን የተባለ ደራሲ በኬኦሲየም አሳታሚነት «የክቱልሁ ጥሪ»ን በጨዋታ መልክ ሲያቀርብ ችግሩን በሌላ መንገድ ፈታው። በእርሱ ጨዋታ ተጫዋቾቹ ጀግና ተዋጊዎች መሆናቸው ቀርቶ መምህራን፣ ጋዜጠኞች፣ ሐኪሞችና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ናቸው፤ «መርማሪዎች» ይባላሉ። ከሰውነታቸው ጉዳት ይልቅ በጥንቃቄ የሚቆጠረው የአእምሮ ጽናታቸው ነው። አስፈሪ ነገር ያየ መርማሪ ዳይስ ይጥላል፤ ካልቀናው ከጽናቱ ነጥብ ይቀነሳል። ክቱልሁን ያየ ሰው ዳይሱ ቢቀናው እንኳ ከአንድ እስከ አሥር፣ ካልቀናው ደግሞ ከአንድ እስከ መቶ ነጥብ ያጣል። ከዚህም በላይ ስለ አማልክቱ ያለው ዕውቀት በጨመረ ቁጥር ሊደርስበት የሚችለው የጽናት ጣራ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ማወቅ አእምሮን ይሸረሽራል ማለት ነው። ለመምህር ይህ መራራ ደንብ ነው፤ ሆኖም ሐሳቡን በስብከት ሳይሆን በጨዋታው አሠራር ውስጥ በማስገባቱ ይዘትና ቅርፅ ከተጣጣሙባቸው ሥራዎች እቆጥረዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ላቭክራፍት ሰፊውን ሕዋ መፍራቱ የሁላችንም ፍርሃት ነው። ለዚህ ፍርሃት ያዋሰው ፊት ግን የጎረቤቶቹ ፊት ነበር። ከ1924 እስከ 1926 በኒውዮርክ በብሩክሊን ሲኖር ከልዩ ልዩ አገር የመጡትን ስደተኞች ይጸየፍ ነበር፤ በ1925 የጻፈውና በ1927 የታተመው «የሬድ ሁክ ዘግናኝ ነገር» የዚህ ጥላቻ ውጤት ነው። በ«ክቱልሁ ጥሪ»ም አምላኩን በረግረግ ውስጥ የሚያመልኩት ክልስና ጥቁር መርከበኞች ናቸው። ናያርላቶቴፕ የተባለው የአማልክቱ መልእክተኛ ከግብጽ የሚነሣ ጠቆር ያለ ሰው ሆኖ ይመጣል። ከዋክብት በሰው ላይ ያላቸው ግድየለሽነት ከቆዳ ቀለም ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ደራሲው ግን ሁለቱን በአንድ ክር ሰፋቸው። ጨዋታውም ሁለቱን አብሮ ወረሰ።

ይህን ነገር በመጽሐፍ ከማንበብ አልፌ በዐይኔ ያየሁት በ2024 ክረምት፣ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረውን እኅቴን ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ ነው። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጇ የጨዋታው መሪ ስትሆን፣ ታናሽ ወንድሟና ሦስት ጓደኞቻቸው ተጫዋቾች ነበሩ። የያዙት ላሪ ዲቲሊዮና ሊን ዊሊስ የጻፉትን፣ በ1984 ታትሞ በ2018 ተሻሽሎ የወጣውን «የናያርላቶቴፕ ጭምብሎች» የተሰኘ ረጅም ጀብዱ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1925 ሲሆን መርማሪዎቹ ከኒውዮርክ ወደ ለንደን፣ ወደ ካይሮ፣ ወደ ኬንያና ወደ ሻንጋይ ይጓዛሉ። የእኅቴ ልጅ የፈጠረው መርማሪ አንድ የአዲስ አበባ አስተርጓሚ ነው። ኢትዮጵያ በ1923 የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆናለች፤ ራስ ተፈሪ በ1924 አውሮፓን ጎብኝተዋል፤ ስለዚህ በዚያን ዘመን በለንደን አንድ ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ መገኘቱ ከእውነታ የራቀ አይደለም ብሎ አስረዳኝ። ወረቀቱን ሲያሳየኝ ከቋንቋዎች ተርታ ግዕዝን በራሱ እጅ ጽፎ ነበር።

በዚያን ምሽት ኬንያ ደርሰው ነበር። በታሪኩ መሠረት በ1919 ከኒውዮርክ የሄደ የአንድ ሀብታም የጉዞ ቡድን በዚያ አገር ደብዛው ይጠፋል፤ ቅኝ ገዥዎቹም ናንዲዎችን ወንጅለው ይሰቅላሉ። መርማሪዎቹ ከዓመታት በኋላ የተሰቀሉት ሰዎች እጃቸው እንደሌለበት ይረዳሉ። በመጽሐፉ ውስጥ መርማሪዎቹን የሚረዳ አንድ ኬንያዊ ሽማግሌ መኖሩ አይካድም፤ ሆኖም በተራራው ላይ ሰው የሚሠዉት የናያርላቶቴፕ አምላኪዎች አፍሪካውያን ናቸው። እንግዲህ ያው መጽሐፍ በአንድ በኩል አፍሪካውያን በሐሰት መወንጀላቸውን ይናገራል፤ በሌላ በኩል የጭራቁን አገልጋይ ሲፈልግ ወደ እነርሱ ይመለሳል።

ልጅቷ ስለ ስቅላቱ ተርካ ስትጨርስ «ሁላችሁም ለአእምሮ ጽናት ዳይስ ጣሉ» አለች። ከጓደኞቿ አንዱ ተቃወመ፤ ጭራቅ አልታየም፣ ደንቡም ይህን አያዝም አለ። እርሷም ድምፅዋን ሳታነሣ «ጭራቅ ሳይኖር ሰው ተሰቀለ፤ ለዚህ ነው» ብላ መለሰች። ጣሉ። አስተርጓሚው ሦስት ነጥብ አጣ። ወንድሟ ቁጥሩን በእርሳስ እያረመ ወደ እኔ ዞር አለና «አጎቴ፣ እንዲህ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይል ነበር ይላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ስማቸውን ይጠይቃል፣ ልጄ» አልኩት። «ለቅሶ የሚደርስ ሰው መጀመሪያ የሞተውን ስም ይጠይቃል።»

ናንዲዎች የመጽሐፍ ፍጡራን አለመሆናቸውንም ነገርኳቸው። የእንግሊዝን የባቡር ሐዲድና ጦር ለአሥር ዓመታት ያህል ተቋቁመው ነበር። መሪያቸው ኮይታለል አራፕ ሳሞኢ በ1905 ለድርድር በተጠራበት ቦታ በሪቻርድ ማይነርትዝሃገን በጥይት ተገደለ። ልጆቹ ጸጥ ብለው አዳመጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን የምሽቱን ክፍል መርማሪዎቹ ወደ ተራራው መውጣታቸውን ትተው የተሰቀሉትን ሰዎች ቤተሰቦች ሲፈልጉ ዋሉ። መሪዋም መጽሐፉን ዘግታ መንደሩን፣ እናቶቹንና ጎረቤቶቹን ከራሷ ፈጠረች። ወደ ጭራቁ ሲመለሱ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር፤ ያን ጊዜም የተራራው ነገር ከበፊቱ ያነሰ አላስፈራም። እንዲያውም ለእኔ የበለጠ አስፈራኝ፤ የሚያጣቸው ሰዎች ስም አግኝተው ነበርና።

ከዚህ የምወስደው ድምዳሜ ይህ ነው፤ ፍርሃቱንና ፊቱን መለያየት ይቻላል። ይህን የተገነዘቡ ደራሲያን ሥራውን ጀምረዋል። ናይጄሪያዊት አሜሪካዊቷ ደራሲ ንኔዲ ኦኮራፎር በ2011 የዓለም ፋንታሲ ሽልማትን ስታገኝ የተሰጣት ሐውልት የላቭክራፍት ራስ ነበር፤ የተሰማትን ቅሬታ በጽሑፍ ገለጠች፤ በ2015ም የሽልማቱ አዘጋጆች ሐውልቱን እንደሚለውጡ አስታወቁ። ቪክተር ላቫል በ2016 ባሳተመው «የጥቁሩ ቶም ባላድ» የሬድ ሁክን ታሪክ ከአንድ የሃርለም ጥቁር ወጣት ዐይን አንጻር እንደገና ጻፈው። ክሪስ ስፒቪ ደግሞ በ2017 ባወጣው የጨዋታ መጽሐፍ የሃርለምን ጥቁሮች መርማሪዎች አደረጋቸው። ከእነዚህ አንዳቸውም ላቭክራፍትን አላቃጠሉትም። ሕዋው እንደ ሰፋ ነው፤ አማልክቱም እንዳላወቁን ናቸው፤ የተመለሰው ፊቱ ብቻ ነው።

ጉዳዩ የባዕድ አገር ጨዋታ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ወደ ራሳችን ይመልከት። በእኛም አገር ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ «ቡዳ» እየተባለ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባልበት ኖሯል። ማሰሮውን የምንገዛበትን እጅ ነው ጭራቅ ያደረግነው። የከብት ሞትና የልጅ ሕመም እውነተኛ ፍርሃት ነበር፤ ፊቱ ግን ከጎረቤት የተዋሰ ነው። ይህን ለተማሪ ለማስተማር ከላቭክራፍት አማልክት ይልቅ የሰፈሩ ሸክላ ሠሪ ትቀርባለች።

ከጉዞዬ ከተመለስኩ በኋላ ለክፍሌ አንድ የሥዕል ሥራ ሰጠሁ። የምትፈሩትን ነገር ሣሉ፤ ነገር ግን የማንም ሰው ፊት፣ የማንም ሰፈር ልብስ፣ የማንም ሙያ መሣሪያ አይኑርበት አልኳቸው። ብዙዎቹ ከደብተራቸው ላይ ደጋግመው አጠፉ። አንዲት ተማሪ በመጨረሻ ያመጣችልኝ ወረቀት ጠቅላላው በከሰል የጠቆረ ሲሆን፣ በታችኛው ጥግ አንዲት መብራት የበራባት ትንሽ መስኮት ነበረችበት። ምን እንደሆነ ስጠይቃት «ጥቁሩ ሰማይ ነው፣ መምህር፤ መስኮቷ የእኛ ቤት ናት» አለችኝ። ሥዕሉን በክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።