ሰማዩ ጠርቶ ነበር?

ይህን የምጽፈው ሳሎን ተቀምጬ ነው፤ ሳሎኑ ግን ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ የበርበሬ ሆኗል። የመስኮቱ ደፍ፣ የምግብ ጠረጴዛውና አንድ የመጻሕፍት መደርደሪያ በችግኝ ትሪ ተይዘዋል። ፍራንክፈርት ዳር በተከራየሁት የአትክልት ቦታ ደግሞ ማሞቂያ የሌላት ትንሽ ግሪንሃውስ ያለ በርበሬ ቆማለች። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ቡናዋን ይዛ ትሪዎቹን በጎን እያየች፣ "እነዚህ እንግዶችህ መቼ ነው የሚሄዱት?" ትለኛለች።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሦስት ዓመትና ሠላሳ አራት ችግኝ ፈጅቶብኛል።

በርበሬ ሲተከል ያየሁት ቡሬ፣ አክስቴ ዘንድ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክረምቱን እዚያ እላክ ነበር። አክስቴ ዘሩን የምትዘራው ዝናቡ ሳይገባ፣ ውሃ ለመቅዳት እንዲመች ወንዝ አጠገብ በሠራችው ከፍ ያለ መደብ ላይ ነው። በላዩ ሣር ትጎዘጉዛለች፤ ሲበቅል ጉዝጓዙን ታነሣና በአራት ባላ ላይ ዝቅ ያለ ዳስ ትሠራለታለች። እኔ ስደርስ ችግኙ አንድ ስንዝር ያህል ሆኖ ይጠብቀኛል፤ ዳሱን ማሳሳት የምትጀምረውም ያኔ ነው። ዛሬ ሁለት ቅጠል ታነሣለች፣ ነገ ሦስት። ውሃውንም ትቀንስበታለች። ተጠምቶ ሲያቀረቅር አይቼ ጣሳዬን ይዤ ስሮጥ፣ "ተው! ይጠና እንጂ፤ ነገ ሜዳ ላይ ማን ያጠጣዋል?" ብላ መለሰችኝ። መሬቱ ዝናብ ሲጠግብ ደመናማ ቀን ትመርጥና ከሰዓት በኋላ ይተከላል። በዚህ ሁሉ መካከል ብርድ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። የምትፈራው ፀሐይንና የሚያቋርጥ ዝናብን ነበር።

ብርዱን የምታውቀው እናቴ ናት። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር አያንስም። እዚያ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ውርጭ ይወርዳል። ማታ ነፋሱ ጸጥ ካለና ከዋክብቱ ቁልጭ ብለው ከታዩ እናቴ ነጠላዋን እየተከናነበች "ዛሬ ባቄላውን ይመታዋል" ትላለች። ጠዋት ስንወጣ ሣሩ ነጭ ለብሶ፣ በተለይ ረባዳው ላይ ያለው ባቄላ ጠቁሮ እናገኘዋለን። ዳገቱ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ብርድ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ጉድጓዳው ቦታ ላይ ይተኛል። በርበሬ ግን ደብረ ብርሃን አይበቅልም። እናቴ በርበሬን የምታውቀው በዛላው፣ ገበያ ተዘርግቶ ነው።

እንግዲህ አገር ቤት እያለሁ በርበሬና ውርጭ ተያይተው አያውቁም። አንዱ ቡሬ፣ ሌላው ደብረ ብርሃን። የተገናኙት እዚህ፣ በእኔ እጅ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ታሪክ አጭር ነው። ከሐበሻ ሱቅ ከገዛሁት ደረቅ ዛላ ፍሬ አውጥቼ ከማሞቂያው በላይ ባለው መስኮት ላይ አበቀልሁ። ሚያዝያ መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ወጣ። ሰዉ ሁሉ ሹራቡን አውልቆ አይስክሬም ይዞ ሲዞር እኔም ልቤ ሞቀ፤ ሠላሳ አራቱንም ችግኝ ግሪንሃውሷ ውስጥ ደርድሬ በሩን ዘግቼ መጣሁ። የሚያዝያ 8 ንጋት ላይ ስከፍት ሁሉም ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደወጣ የተቀቀለ ጎመን ተኝተዋል። ለእናቴ ደወልሁ። ስለ ግሪንሃውስ፣ ስለ ፕላስቲኩ ግድግዳ፣ ስለ ሳምንቱ ሙቀት ሁሉ ተረክሁላት። አዳምጣኝ ስትጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ማታ ሰማዩ ጠርቶ ነበር?"

ጠርቶ ነበር። ከዋክብቱን እያደነቅሁ ነው ወደ ቤት የገባሁት።

ግሪንሃውስ ሲባል በእኔ ሐሳብ የሚመጣው ዝዋይ መንገድ ላይ የሚታየው፣ ጽጌረዳ የሚበቅልበት የላስቲክ ከተማ ነበር፤ ስለዚህ ቃሉ ራሱ ሙቀት ይመስለኝ ነበር። ማሞቂያ የሌለው ግሪንሃውስ ግን ሙቀት የሚሰበስበው ቀን ብቻ ነው። ፀሐይ ገብታ አፈሩን ታሞቃለች፣ የሞቀው አየር መውጫ ያጣል፤ ሚያዝያ ላይ እንኳ በሩ ተዘግቶ ከዋለ ውስጡ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ሁሉ በቀጭኑ ግድግዳ በኩል ያመልጣል። ደመና ካለ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት መልሶ ይሰጣል፤ ሰማዩ ከጠራ የሚመልሰው የለም። ንጋት ላይ ውስጡ ከደጁ የሚበልጠው በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ብቻ ነው። ቤትም አይደለም፣ ደጅም አይደለም። የዘር ፓኬቱ ላይ የተጻፈው መመሪያም ስለ ቤትና ስለ ደጅ ይናገርና ይህን መሐል ቤት ዘሎ ያልፈዋል።

አሁን የማየው የቀኑን ሙቀት አይደለም። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን መዝግቦ የሚያቆይ ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝቼ ችግኙ በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ ሰቅያለሁ፤ ጠዋት የሌሊቱን ዝቅተኛ ብቻ አነባለሁ። ለበርበሬ አራት አምስት ሌሊት በተከታታይ ከ10 ዲግሪ በታች ካልወረደ ይሄዳል። ውርጭ ባይነካው እንኳ ከ10 በታች የሰነበተ በርበሬ አይሞትም፣ ግን ይኮራመታል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ሥሩ በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ምግብ መሳብ ያቅተዋል፣ እድገቱም ለሳምንታት ይቆማል። ሁለተኛው ዓመት ቸኩዬ ያወጣኋቸውን ሦስት ሳምንት ዘግይተው የወጡት ቀድመዋቸዋል። ቲማቲም ትንሽ ይታገሣል። በሶብላ ከሁሉም ቀበጥ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው። የሐበሻ ጎመን ግን ከመጋቢት ጀምሮ እዚያው ነው፤ ቀላል ውርጭ ምንም አይለውም፤ እሱስ ደገኛ ነው።

የአክስቴ ዳስ ደግሞ በሌላ መልክ ተመለሰ። በመስኮት መስታወት ኋላ ያደገ ችግኝ የተጣራ ብርሃን እንጂ ፀሐይ አያውቅም፤ ነፋስም ነክቶት አያውቅም። በአንድ ቀን ግሪንሃውስ ውስጥ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ቅጠሉ ነጭ ጠባሳ ያወጣል። ስለዚህ አንድ ሳምንት፣ አሥር ቀን ያህል ቀን አውጥቼ ማታ አስገባለሁ፤ መጀመሪያ ሁለት ሰዓት በጥላ፣ ከዚያ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ሙሉ ቀን። ውሃውንም እቀንሳለሁ፤ የማጠጣውም ጠዋት ነው፣ እርጥብ ሥር ከብርድ ጋር ሲያድር ይበሰብሳልና። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ የግሪንሃውሷን በር እዘጋለሁ፤ የቀኑ ሙቀት ሳያመልጥ መሆኑ ነው። ጎረቤቶቼ ትሪ ተሸክሜ ስመላለስ ይስቃሉ። አክስቴ ብታየኝ የምትስቅ አይመስለኝም።

ጀርመኖችም በቅዱሳን ይቆጥራሉ። ይህን የነገሩኝ አጥር የምንጋራቸው ጡረተኛ ናቸው፤ የሞቱትን ችግኞች አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና "አይስሃይሊገን" አሉኝ፤ የበረዶ ቅዱሳን ማለት ነው። ማሜርቱስ፣ ፓንክራትዩስ፣ ሰርቫትዩስ፣ ቦኒፋትዩስ፣ በመጨረሻም ቀዝቃዛዋ ሶፊ። በእነሱ ከሜይ 11 እስከ 15፣ በእኛ ከግንቦት 3 እስከ 7 መሆኑ ነው። ሶፊ ሳታልፍ ብርድ የሚፈራ ተክል ደጅ አይወጣም። በበዓል ዝናብና ብርድ ከሚቆጥር አገር ለመጣ ሰው ይህ ወዲያው የሚገባ ቋንቋ ነው፤ ሉተራን የሆኑት ጎረቤቴ የካቶሊክ ቅዱሳንን ስም እንደ ስልክ ቁጥር ሲደረድሩ ስሰማ ደስ አለኝ። አንድ ነገር ግን አለ። ጳጳሱ ግሪጎሪዮስ 13ኛ በ1582 የዘመን መቁጠሪያውን ሲያርሙ 10 ቀን ተዘለለ። ቅዱሳኑ ቀናቸውን ይዘው ቀድመው መጡ፤ ብርዱ ግን ያለበት ቀረ። ስለዚህ ልማዱ በተወለደበት ዘመን ሶፊ የምትውለው ዛሬ ሜይ 25 በምንለው አካባቢ ነበር። ከሶፊ በኋላም ውርጭ ሲወርድ "ዘንድሮ ዘገየች" የሚሉት እዚህ ላይ ይመስለኛል የሚሳሳቱት። እኔ ለደጁ የግንቦት ተክለ ሃይማኖትን፣ ማለትም ግንቦት 12ን ነው የምጠብቀው። ለግሪንሃውሷ ግን ቴርሞሜትሩ ከፈቀደ ግንቦት ልደታ ይበቃታል።

ከወጡ በኋላም ድንገት የጠራ ሌሊት ይመጣል። ያኔ ፍሊስ የሚባለውን ስስ ነጭ ጨርቅ አለብሳቸዋለሁ፤ ሁለት ዲግሪ ያህል ያተርፋል። ጥቁር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ በመሐላቸው አቆማለሁ፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ጎረቤቴ ከዚህ የባሰ መላ አላቸው፤ መቃብር ላይ የሚበራውን ቀይ ሻማ አብርተው የሸክላ ማሰሮ ይደፉበታል። ሱቅ ሄጄ ሻማውን አንሥቻለሁ፤ ማርያምን፣ እጄ አልሄደልኝም። ለበርበሬ የመቃብር ሻማ ማብራት ሟርት ነው የመሰለኝ፤ ከጨርቁና ከፕላስቲኩ ጋር ደግሞ እሳት መሆኑንም አትርሱ።

ዛሬ ሚያዝያ 21 ነው። የሌሊቱ ዝቅተኛ 6 ዲግሪ ነበር፣ የትናንቱ 7። ከሰዓት በኋላ እናቴ ደውላ "በርበሬው ወጣ?" ብላ ጠየቀችኝ፤ ገና ነው አልኋት። በመስኮት ሳይ ደመናው ከምዕራብ በኩል እየተገፈፈ ነው። የምግብ ጠረጴዛው ዛሬም አይገኝም፤ እራታችንን ሶፋ ላይ እንበላለን።