«አትንኩኝ» ማለት ነውር አይደለም

ዛሬ የማወራችሁ የራሴን ጥፋት ነው። መምህር ነኝ። ልጆችን «ስትሳሳቱ ቶሎ ንገሩኝ» እያልኩ ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሬአለሁ። እኔ ስሳሳት ግን ዝም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጠዋት በመምህራን ክፍል ቡናዬን ይዤ ኢሜይሌን ከፈትኩ። «የደመወዝ ክፍል» ከሚል ስም በዕብራይስጥ የተጻፈ መልእክት መጥቷል። ተሉሼ ላይ ስህተት አለ፤ እስከ ቀትር ገብቼ ካላስተካከልኩ ደመወዜ ይዘገያል ይላል። ወሩ ማለቂያ ነው፣ ማሽካንታ አለብኝ። ሳላመዛዝን ሊንኩን ነካሁና የሥራ ኢሜይሌን ከነሲስማው ጻፍኩ። ገጹ ባዶ ሆነ። ያኔ ደነገጥኩ። ተመልሼ የላኪውን አድራሻ ሳየው ከስሙ ጋር የማይገናኝ የፊደልና የቁጥር ጥርቅም ነው።

«የቄስ ልጅ፣ የተማረ ሰው፣ እንዲህ በቀላሉ ተታለለ» እንዳልባል ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ «ኢትዮጵያውያን ኮምፒዩተር አያውቁም» እንዳይባልም ፈራሁ። ይህን ፍርሃት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መልእክቱን አጥፍቼ ወደ ክፍል ገባሁ።

ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ስወጣ ስልኬ በጥሪ ተሞልቷል። ያው ሊንክ በእኔ ስም ለባልደረቦቼና ለወላጆች ተልኳል። አንዲት የተማሪ እናት፣ የእኛው ሰው፣ ከፍታው የባንክ ካርዷን ቁጥር ልትጽፍ ስትል ልጇ ነው እጇን የያዛት።

የዳይሬክተሯ ቢሮ ደጃፍ ቆሜ ሳመነታ አባቴ ትዝ አሉኝ። አባቴ ጎንደር ሳለን የመንደራችን ቄስ ነበሩ። በኦሪት ሕግ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ንጹሕ አይደለም። ቀብሮ የመጣ ሰው ራቅ ብሎ ይቆምና «አትንኩኝ» ይላል። ማንም አይስቅበትም፤ ምግብ ይወሰድለታል፣ ቀኑ ሲደርስ ታጥቦ ይገባል። መቅበሩ ጽድቅ እንጂ ነውር አይደለም። ነውሩ ደብቆ መግባት ነው፤ የነካውን ሁሉ ያረክሳልና። እኔ ያን ጠዋት ደብቄ ገብቻለሁ።

ገብቼ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ «ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብቻ አለችኝ። የኮምፒዩተር ኃላፊው ወዲያው መግቢያዬን ዘጋው። «ያኔውኑ ብትነግረኝ አንድም መልእክት ሳይወጣ በዘጋሁት ነበር። መልእክቱንም ባታጠፋው መልካም ነበር፣ ከየት እንደመጣ የማየው ከእሱ ነው» አለኝ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከእኔ ተማሩ። የሚያጣድፍ፣ የሚያስፈራራ ወይም ሲስማ፣ የመታወቂያና የካርድ ቁጥር የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣ ቆም በሉ። ስሙን አትመኑ፣ አድራሻውን እዩ። ላኩ ወደተባሉት ሰዎች ደውሉ፤ ግን በምታውቁት ቁጥር እንጂ መልእክቱ ላይ ባለው አይደለም። አታጥፉት፣ ለጓደኛም አታስተላልፉት፤ ለመሥሪያ ቤታችሁ የኮምፒዩተር ኃላፊ አሳዩ። ሳትነኩት ብትነግሩም ሌላውን ታድናላችሁ፤ ያው መልእክት ጎረቤታችሁ ጠረጴዛ ላይም ደርሶ ይሆናልና።

ከነካችሁት ደግሞ ደቂቃ አትቁጠሩ። ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት አላቁት፣ ለኃላፊው ንገሩ፣ ሲስማችሁን ከሌላ መሣሪያ ቀይሩ። ያው ሲስማ ሌላ ቦታ ካለ እዚያም ቀይሩት። የካርድ ቁጥር ከሰጣችሁ ወደ ባንካችሁ ወይም ወደ ካርድ ድርጅታችሁ ደውሉ። በፖስታ ቤት ወይም በመንገድ ክፍያ ስም በስልካችሁ ለሚመጣ መልእክትም ያው ነው። የምትጠይቁት ሰው ካጣችሁ የብሔራዊ የሳይበር ማዕከል 119 ቁጥር ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

ማታ ለዚያች እናት ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። «መምህር፣ እርስዎ ከላኩት ብዬ እኮ ነው የከፈትኩት» አለችኝ። ከተሰረቀው ሲስማ ይልቅ ያ ቃል አመመኝ። ሌባው የፈለገው የእኔን ደመወዝ ሳይሆን ሰዎች በእኔ ላይ ያላቸውን እምነት ነበር። ዝም ባልኩ ቁጥር እኔው ነኝ ያበደርኩት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። ቸር ይግጠመን።